በአራዳ ከፍሎ ስለ መብላት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የአማርኛ መምህራችን ለዚህ በዓል አርእስት ምረጡ ባሉን ጊዜ ሳይንስን፣ የሀገር ፍቅርንና የስፖርትን ጥቅም ጓደኞቼ ቀድመው ወሰዱት። ለእኔ የቀረልኝ ምግብ ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ቢሆንም የምሳው ሰዓት እየተቃረበ ስለ ሆነ ጊዜውም ያልተመቸ አይመስለኝም።

ወደዚህ አርእስት የመራኝ አንድ ዘመዳችን ነው። ይህ ዘመዳችን ወደ ስፔን ሀገር፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ወደምትገኘው ወደ ባርሴሎና ከተማ ለሥራ ሄዶ ሲመለስ፣ ስለ ባሕሩና ስለ ሕንጻው ይነግረናል ብለን ስንጠብቅ አጥብቆ ያወራልን ስለ ምግብ ቤቱ ሆነ። በዚያ ሀገር ምሳ የሚበላው በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እራት ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ይህን ሳያውቅ ቀድሞ የሄደ እንግዳ ወይ የተዘጋ በር ያገኛል፣ ወይ ከሌሎች እንግዶች ጋር ብቻውን ይቀመጣል። ታፓስ የሚባለውን በትንንሽ ሳሕን የሚቀርብ ምግብ ደግሞ ሰዎቹ ብዙውን ጊዜ ቆመው፣ እየተጨዋወቱና እየተካፈሉ ይበሉታል። ዘመዳችን ይህን ሁሉ ሲተርክ እኔ የማስበው ስለ ራሳችን ከተማ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በፒያሳ ገበታ ቀርቦ ምን ያይ ይሆን? ከዚያም በላይ፣ እኛ ራሳችን ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላትን ከየትና እንዴት ተማርነው?

አባቶቻችን ይህን ነገር ከቶ አያውቁትም ነበር ለማለት ይቻላል። መንገደኛ የመሸበት እንደ ሆነ ወደ አንድ ደጅ ተጠግቶ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይላል፤ ባለቤቱም እግሩን አጥቦ ያለውን ያበላዋል። በከተማም ቢሆን ትልቅ ሰው የሚታወቀው በሚያበላው ሰው ብዛት ነበር። በአጤ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ግብር በሚገባበት ቀን በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው በተራ እየገባ ሲበላና ሲጠጣ ይውል ነበር። እቴጌ ጣይቱም በ1880 ዓ.ም. ገደማ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በተመረቀ ጊዜ አያሌ ቀን የቆየ ድግስ መደገሳቸው በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። እንግዲህ እንዲህ ባለ ሀገር «እንጀራ በስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ለጠያቂው ዘመድ የለሽነት፣ ለሻጩም ንፉግነት ሆኖ ቢቈጠር አያስደንቅም።

የሚያስደንቀው የመጀመሪያውን ሆቴል ያቆሙት እኒያው ደጋሽ እቴጌ መሆናቸው ነው። በ1898 ዓ.ም. ገደማ በአራዳ የተሠራው እቴጌ ሆቴል፣ ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የምንለው፣ በሀገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። በጊዜው ከውጭ ሀገር የሚመጣው መልእክተኛና ነጋዴ እየበዛ ሄዶ ነበርና ሁሉን በቤተ መንግሥት ማሳደርና ማብላት አይቻልም። ሆቴሉ ቢከፈት ግን የሀገሩ ሰው እግሩን አላስገባም፤ ከፍሎ መብላት ነውር ነውና። በዚህ ጊዜ አጤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ወደ ሆቴሉ ሄደው፣ በልተውና ጠጥተው፣ ሒሳቡን ከፍለው በመውጣት ለሌላው ምሳሌ እንደ ሆኑ ይነገራል። ከዚያ በኋላ መኳንንቱ እርስ በርሳቸው መጋበዝን ያዙ ይባላል። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ጥቂት ጨው ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ግን ልብ በሉልኝ፤ በወሬው ውስጥ እንኳ ማንም የራሱን ብቻ ከፍሎ አልወጣም። ንጉሡ ለመኳንንቱ ከፈሉ፣ መኳንንቱም ለባልንጀሮቻቸው። እስከ ዛሬ በፒያሳ አንድ ምግብ ቤት ገብታችሁ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ ሒሳብ «በሞቴ! እኔ እያለሁ?» እየተባባሉ እጅ ለእጅ ሲያያዙ ብታዩ፣ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ቀጥሎ የመጣውን ዘመን አሳጥሬ ላልፈው እወድ ነበር፤ ግን ሊታለፍ አይገባም። ጣሊያን ሀገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ እንዲነሣ ተደርጎ ወደ ምዕራብ ሄደ። የሀገር ተወላጆች ገበያ ተብሎም ተሰየመ፤ መርካቶ የምንለው እርሱ ነው። አራዳ ግን ለነጮች የተለየ መናፈሻ እንዲሆን ታስቦ ፒያሳ የሚለውን ስም አገኘ። በዘር የሚለያይ ሕግ ስለ ወጣ፣ ነጮች በሚገቡበት ምግብ ቤት ኢትዮጵያዊ ገብቶ እንዳይቀመጥ ተከለከለ። ከሠላሳ ዓመት ያህል በፊት ሰው ማፈሩን ትቶ እንዲገባ ንጉሥ የለመነበት ሰፈር፣ ገንዘቡን ይዞ ቢመጣም «አትገባም» የሚባልበት ሆነ። ዛሬ በዚያ ሰፈር ወንበር ስቤ ስቀመጥ ይህ ነገር አልፎ አልፎ ትዝ ይለኛል፤ ሳህኑ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው፣ አልዋሽም።

ወራሪው ወጣ፣ ማብሰያው ቀረ። እዚሁ መኖርን የመረጡ ጣሊያኖች፣ ከእነርሱም ጋር ቀድሞ የነበሩት ግሪኮችና አርመኖች፣ በፒያሳ ምግብ ቤትና ኬክ ቤት ከፈቱ። ካስቴሊ የተባለው ምግብ ቤት እንዲህ ባለ በሀገራችን በቀረ ጣሊያናዊ የተመሠረተ ሲሆን፣ ስሙ ከሀገር አልፎ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር ሳይቀሩ የተመገቡበት ቤት ሆኗል። የኤንሪኮ ኬክ ቤት ሚልፎሊ ደግሞ ለብዙ ዓስርት ዓመታት ገና ከረፋዱ የሚያልቅ ስለ ነበር፣ የእሑድ ቅዳሴ ሳያልቅ ለመውጣት የሚፈተን ሰው ነበር እየተባለ በቤታችን ይቀለዳል። ቶሞካም አለ። በዋቬል ጎዳና ከ1945 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ቡና እየቈላና እያፈላ የኖረው ይህ ቤት፣ የሀገራችንን ሰው ቡናን ቆሞ መጠጣት አስተምሮታል። እስቲ አስቡት! በእኛ ቤት ቡና ማለት ሣር ተጎዝጉዞ፣ ዕጣን ጨሶ፣ አቦል ቶና በረካ ተብሎ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ አንድ ሙሉ ከሰዓት የሚፈጅ ነገር ነው። በቶሞካ ግን የባንክ ሠራተኛውና ሎተሪ አዟሪው በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ትከሻ ለትከሻ ቆመው በአምስት ደቂቃ ጠጥተው ይሄዳሉ። ዘመዳችን ስለ ባርሴሎና ያወራልንን የቆመ ጨዋታ እዚሁ ከቤታችን አጠገብ አገኘሁት ማለት ነው።

የሀገራችን ሰው ግን የተሰጠውን እንዳለ አልተቀበለም። መኮሮኒውን፣ ላዛኛውን፣ ማኪያቶውን፣ ስጎውን በስማቸው ተቀበለ፤ አበላሉን ግን እንደ ራሱ አደረገው። ስጎው በርበሬ ተጨመረበት። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ሥጋውና አይቡ ቀርቶ ፓስታ በቲማቲም ወይም በአትክልት የጾም ምግብ ሆነ። በሮም ያለ ወጥ ቤት ቢሰማ ራሱን የሚስት አንድ ነገርም አለ፤ ፓስታን በእንጀራ ጠቅልሎ መጉረስ። እኔ በበኩሌ በዚህ አላፍርም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን የነበሩት እማሆይ ስፓጌቲን በሹካ እንድናጠነጥን በብርቱ ትዕግሥት አስተምረውናል፤ ጥበቡንም ችዬዋለሁ። ነገር ግን በእንጀራ የጎረስኩት ይበልጥ ይጣፍጠኛል።

ስለ መጉረስ ካነሣሁ ዘንድ ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ። ቃሉ «ጉርሻ» ነው። በቤት ውስጥ ጉርሻ ማለት በገዛ እጅ ጠቅልሎ በሌላው አፍ ማስገባት ነው፤ ፍቅርም አክብሮትም ነው፣ እምቢ ማለትም ነውር ነው። በምግብ ቤት ደግሞ ጉርሻ ማለት ለአስተናጋጁ ከሒሳቡ በላይ የሚተውለት ገንዘብ ነው። ማን ይህን ስም እንዳወጣለት አላነበብሁም፤ ግን ያወጣው ሰው ብልህ ነበር። ሰውየው ሲያስተናግደን ቆሞ ውሏል፣ እኛ ስንበላ እርሱ አልበላም፤ በቤታችን ቢሆን ኖሮ «ና አንድ ጉረስ» ባልነው ነበር። ምግብ ቤት ስለ ሆነ አይቻልም፣ ስለዚህ ጉርሻው በሳንቲም ሆነ። አንዳንድ ሰው በጭብጨባ ጠርቶ፣ ዐይኑን ሳያይ አዝዞ፣ ሲወጣ ብሩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር ያደርገዋል። ጉርሻ አይወረወርም።

አሁን ስለ አክስቴ ልንገራችሁ። አክስቴ ከደብረ ሲና ወጣ ካለ የገጠር ቀበሌ ናቸው። ለዐይናቸው ሕክምና ወደ አዲስ አበባ መጥተው ሳለ አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ስንመለስ ሰዓቱ ስለ ራቀብን፣ በፒያሳ ካሉት መካከለኛ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ይዣቸው ገባሁ። አልገባም ብለው ደጃፉ ላይ ጥቂት ተከራከሩኝ።

«የማን ቤት ነው? ሳያውቁን እንዴት እንገባለን?» አሉኝ።

«እቴቴ፣ ለማንም ክፍት ነው፤ ተከፍሎ ነው የሚበላው» አልኋቸው።

«ለማንም ክፍት ከሆነማ ማንም ያበስለዋል» አሉና ገቡ።

በያይነቱ አዘዝን። አክስቴ እጃቸውን ታጥበው፣ አማትበው፣ በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር በአጠገባችን ላለው ጠረጴዛ «እንብላ» ማለት ነበር። በዚያ የተቀመጡት ሁለት ጎልማሶች ደንገጥ ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉና «ይስጥልን፣ እናታችን፣ ብሉ» አሉ። በልተን እንደ ጨረስን ሒሳብ ለመክፈል ስነሣ አክስቴ አብረውኝ ተነሡ፤ ግን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ማድቤቱ አመሩ። አስተናጋጇ «እማማ፣ መታጠቢያው በዚህ ነው» ብትላቸው «ታጥቤአለሁ፣ ልጄ። ያበሰለችውን ሳላመሰግን እወጣለሁ እንዴ?» አሏት። ወጥ ቤቷ በሽሮ የታጠነ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ብቅ አለች። አክስቴ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «እጅሽን ይባርከው፣ ቤትሽን ይሙላው» ብለው መረቋት፤ እርሷም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ግን ከዚያ ቤት ሰዎች ማንም የእኔን ፊት የሚያስታውስ አይመስለኝም። አክስቴን ግን ካንድ ወር በኋላ «እኒያ እናት ደኅና ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህን ስተርክ አንዳንድ አባቶች «ድሮውንም ምግብ ቤት ምን ያደርጋል? ቤታችን ይበቃናል» ትሉ ይሆናል። በአክብሮት አልስማማም። የቤት ገበታ ማለፊያ ነው፤ ግን ዘመድ ላለው ነው። ከፍሎ መብላት ለማን እንደሚጠቅም የሚያውቀው በዚህ ከተማ ማንም የሌለው ሰው ነው። ከጎጃም ወይም ከወላይታ ለሥራ የመጣ ወጣት፣ በሆስፒታል ሕመምተኛ የሚያስታምም ባላገር፣ የማታ ተማሪ፣ እነዚህ ሁሉ የማንንም ደጅ ሳይጠኑ፣ ውለታ ሳይገቡ፣ ቀና ብለው የሚበሉበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። በፈረንሳይ ሀገር ሬስቶራንት የሚለው ቃል በመጀመሪያ የደከመን ሰው የሚያበረታ የሾርባ ስም እንደ ነበረ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። ነገሩ ከጥንቱም ለደከመው ነበር ማለት ነው።

ሌላም አለ፤ ይህን የምናገረው እናቶችና አባቶች እንዲሰሙኝ ነው። ሴት ልጅ ብቻዋን ምግብ ቤት ገብታ መቀመጥ በእናቶቻችን ዘመን ስም ያጠፋ ነበር። ቡና ቤት የሚለው ቃል ራሱ ለሴት ልጅ መጥፎ ጥላ ነበረው፤ በዚያ የምትገኝ ሴት ወይ አሻሻጭ ወይ ከዚያ የባሰች ተደርጋ ትታይ ነበርና። ሆኖም የጠጅ ቤቱን፣ የጠላ ቤቱንና የምግብ ቤቱን ሥራ በአራዳ ተሸክመው የኖሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ በዚያ ገንዘብ ልጆች ተምረዋል። ሠርታ ስታበላ ያልተነወረች፣ ተቀምጣ ስትበላ ለምን ትነወራለች? «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ተረት አውቀዋለሁ። እኔ ግን ከቤተ መጻሕፍት ወጥቼ፣ ደብተሬን ከሳሕኑ አጠገብ ዘርግቼ፣ ግማሽ ፓስታ በልቼ ወደ ክፍሌ ስመለስ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። የተሰማኝ ራሴን የቻልሁ ሰው መሆኔ ነው። አልፎ አልፎ አንዳንድ ጎረምሳ ከማዶ ሲያፈጥ አያለሁ፤ እርሱ ምግቡ ይቀዘቅዝበታል።

አሁን ወደ ሚያሳስበኝ ነገር ደረስሁ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። ወዲያውም በዚያው ዓመት የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች፣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሱ፤ ነዋሪውም በከተማው ዳርቻ ወደ ተሠሩ መኖሪያዎች ተወሰደ። እኔ ልማቱን ለመንቀፍ አልቆምሁም። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ንጹሕ ነው፣ ማታ መብራቱ ደምቆ ስናይ ደስ ይለናል። ጣይቱ ሆቴልም ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት በተጐዳ ጊዜ የከተማው ሰው እንዴት እንዳዘነ ለታሪኩ ግድ የሚለው ሕዝብ መሆናችንን ያስረዳል። ነገር ግን ለታላላቆቹ ቤቶች የሚያዝንላቸው አለ። በዶሮ ማነቂያ ጓሮ ለጓሮ የነበሩት፣ ስም እንኳ ያልተጻፈባቸው፣ ሦስት አግዳሚ ወንበርና አንድ ድስት ያላቸው ምግብ ቤቶች ግን ሲጠፉ ማንም ፎቶግራፍ አላነሣቸውም። ተሸካሚውና የታክሲ ረዳቱ፣ እኛም ተማሪዎቹ፣ ምሳችንን የምንበላው እነርሱ ዘንድ ነበር። «እንጀራ ይጨመርልን» ስንል ያለ ሒሳብ ይጨመርልን ነበር። በአዲሱ ጎዳና የተከፈተው ቤት ያማረ ነው፣ መስታወቱ ያበራል። የምግቡ ዝርዝር ግን ከበሩ ስናነበው፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 ከመቶ ሲታከልበት፣ ኪሳችንን ዳብሰን እናልፋለን።

ስለዚህ ነገር ዘመዳችንን ስጠይቀው አንድ ጠቃሚ ነገር ነገረኝ፤ እኔም አንብቤ አረጋገጥሁት። በስፔን ሀገር በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፣ ጎብኚ እጅግ በበዛበት ጊዜ፣ መንግሥት ምግብ ቤቶች ሁሉ በቁርጥ ዋጋ የሚሸጥ አንድ ሙሉ ምሳ፣ ከዳቦውና ከመጠጡ ጋር፣ እንዲያቀርቡ ደነገገ። ለጎብኚ ተብሎ የተጀመረው ነገር ውሎ አድሮ የሠራተኛው ሰው ምሳ ሆነ፤ ዛሬም «የዕለቱ ምግብ» ተብሎ በየደጃፉ በሰሌዳ ተጽፎ ይታያል። ባለጸጋው ከዝርዝሩ ያዝዛል፣ ሠራተኛው የዕለቱን ይበላል፤ ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ይቀመጣሉ። ይህ በፒያሳ ለምን አይሆንም? ትእዛዝ ከመንግሥት እስኪመጣ መጠበቅም አያሻንም። ሽሮና ሁለት ዓይነት አትክልት፣ እንጀራና ውሃ፣ በአንድ በታወቀ ዋጋ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ቢቀርብ ባለ ምግብ ቤቱ ባዶ ወንበሩን ይሞላል እንጂ አይከስርም።

ይህን የምለው በሐሳብ ብቻ አይደለም። ከክፍላችን አራት ሆነን ከትምህርት ቤታችን ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ያሉ ስድስት ምግብ ቤቶችን አነጋገርን። ሦስቱ ሥራ አለብን ብለው አሰናበቱን። ሁለቱ እናስብበታለን አሉ። ስድስተኛው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ እስኪበቃቸው ሳቁብንና «ረቡዕና ዓርብ ብቻ፤ ጾም ስለ ሆነ ወጪው ይቀልለኛል። ግን ሃያ ተማሪ ካላመጣችሁ ወሬውን ተዉት» አሉን። በመጀመሪያው ረቡዕ ሃያ ሦስት ሆነን ሄድን። እነሆ አሁን አራተኛ ሳምንቱን ይዟል። ባለፈው ዓርብ አንድ የግንበኞች ቡድን ቀድሞን ገብቶ ወንበር ስለ አጣን በር ላይ ቆመን ጠበቅን፤ ከመካከላቸው አንዱ ቀና ብሎ አየንና ጠጋ ጠጋ አስደርጎ «ኑ፣ እንብላ» አለን።